ለእናቴ የሚሆን ገመድ

ባለፈው የገበያ ቀን ቡሬ ውስጥ ገመድ ሳሸት ሰው አየኝ። ከፍኖተ ሰላም የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የመመለሻው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ በገመድ ተራ በኩል ሳልፍ፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከናይለኑና ከቃጫው መካከል አንድ መጫኛ ዘርግቶ አየሁ። መጫኛ ከበሬ ቆዳ ተልጦ፣ ተገምዶ፣ በቅቤ የሚለሰልስ የጭነት ገመድ ነው፤ አሁን አሁን በገበያ እምብዛም አይታይም። ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

«እህቴ፣ ቅቤ ተራ እኮ ከወዲያ ነው» አለ ሽማግሌው።

አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። ፊቴ ተለበለበ፤ ገመዱን አስቀምጬ ምንም ሳልገዛ ሄድኩ። በትንሽ ነገር የማፍር ሴት አይደለሁም። ግን ያ ሽታ፣ ቅቤው፣ ጭሱ፣ ከሥሩ ያለው የቆዳ ጠረን፣ አራተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት ይዞኝ ሄደ። ያ ዓመት ደግሞ ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ኅዳር አንገቴን ደፍቼ የሄድኩበት ዓመት ነው።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ግራ ተጠምዝዞ በእግር የሚገባበት ጎጥ ውስጥ ነበር። አባቴ ምናለ ይባላል። እንደ ማንኛውም ሰው አራሽ ነው፤ አገሩ የሚያውቀው ግን በንብ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባዶ ቀፎ ይዞ ረጅም ዛፍ ላይ ይወጣና ይሰቅላል፤ አበባው ፈንድቶ የንብ መንጋ ሲገባበት ደግሞ ወጥቶ ያወርድና ጓሯችን ያስቀምጠዋል። ሲወጣ ገመዱን በግንዱና በወገቡ ዙሪያ አዙሮ ያስራል። ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ክብደቱን ለገመዱ ይሰጣል፣ እግሩን ወደ ላይ ያራምዳል፣ ገመዱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ እንደገና ጋደል ይላል። ከታች ሆኜ ሳየው ዛፉ ተኝቶ እሱ በላዩ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ስለሚወጣ ገመድ ያውቃል። ገመድ የገዛም ሊገዛ ያሰበም ሰው በቤታችን በኩል ሳያልፍ አይቀርም ነበር። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይቀበልና መጀመሪያ ያሸተዋል። ቀጥሎ ግማዱን፣ የተጠማዘዘውን ክር፣ በአውራ ጣቱ ፈልቅቆ ውስጡን ያያል፤ በመጨረሻ ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ይስበዋል። «ይኼ ለአህያ ይሆናል» ይላል። ወይም «ይኼ ለጉድጓድ ይሆናል፣ ለሰው ግን አይሆንም።» ለሰው ይሆናል የሚለው ጥቂቱን ነበር። ያንን ሲል ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ገመዱንም በሁለት እጁ ይመልሳል።

ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ኅዳር አባቴ ከባሕር ዛፍ ላይ ወደቀ። ያን ቀን የወጣው በመጫኛው አልነበረም። ከቡሬ ያመጣው አዲስ የናይለን ገመድ ነበር፣ ሰማያዊ። አይበሰብስም፣ ዝናብ አይጠጣም፣ ቀላል ነው ብሎ ወዶት ነበር። በለስላሳው ግንድ ላይ ገመዱ ተንሸራተተ። የዳሌው አጥንት ተሰበረ። ወጌሻ አየው፣ ሐኪም ቤትም ተኛ፤ በመጨረሻ አንድ እግሩ ከሌላው አጥሮ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ በበሩ አጠገብ ያለው መደብ የሱ ሆነ።

ሊጠይቁት የሚመጡት ሁሉ «ገመዱ ከዳው» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ «ከዳ» የሚለውን ቃል የማውቀው ከሴቶች ወሬ ነው፤ ሚስቱን ጥሎ ሌላ አገር የገባ ሰው ከዳት ይባላል። ስለዚህ ያ ሰማያዊ ገመድ ልብ ያለው፣ አስቦ አባቴን የጣለ መሰለኝ። እናቴ ከጓዳው ጥግ ወርውራው ስለነበር ወደዚያ ጥግ ፊቴን አዙሬ አልተኛም ነበር። ሌሊት ተነስቶ እኛንም ቢከዳንስ?

ያላስተዋልኩት ሌላ ነገር ነበር። ገመድ ይዞ ወደ ቤታችን የሚመጣ ሰው ቀረ።

ነሐሴ ሲጋመስ እናቴ መጫኛውን ከጣራው ሥር አወረደችው። ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳይነካው ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ከርሟል። ቅቤ ቀባችው፣ አሸችው፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል አወጣችው። እናቴ እናኑ ትባላለች፤ ቀጭንና ፈጣን፣ ሥራ ይዛ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ገመዱ ሲለሰልስ እኔን ጠራችኝና መጫኛውንና ያንን ሰማያዊ ገመድ አሸከመችኝ።

«አባትሽ ዘንድ ውሰጂና ለጭነት የትኛው ይሻላል ብለሽ ጠይቂያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ምን ሊጫን ነው ካሉሽ ጤፍ በይ። እኔ እንደላክሁሽ አትናገሪ።»

ሰማያዊውን ከሰውነቴ አርቄ፣ በጣቶቼ ጫፍ ይዤ ገባሁ።

«አባዬ፣ ለጭነት የትኛው ይሻላል?»

አባቴ መጫኛውን ተቀበለኝና ወደ አፍንጫው ወሰደው። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁትም ነበርና ደስ አለኝ።

«ምን ሊጫን ነው?» አለኝ።

«ጤፍ።»

በበሩ ወደ ማሳው ተመለከተ። ጤፉ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነበር። «በነሐሴ ጤፍ የሚጭን ማን ነው?»

«እንጃ።»

«ጭነቱ ይከብዳል?»

እናቴ ለዚህ መልስ አልሰጠችኝም ነበር። ትንሽ አሰብኩና «እማዬን ያህላል» አልኩ።

አባቴ ገመዱን ከአፍንጫው አወረደ። ቀስ ብሎ መደቡ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ገመድ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ» አለ።

ወደ ጓሮ ተመልሼ እንዳለው ነገርኳት።  እናቴ ሁለቱን ገመዶች ተቀብላ አንዴ ይህንን አንዴ ያንን አየች፤ ከዚያም መጫኛውን ትከሻዋ ላይ አደረገችው። እንዲያ ተመረጠ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ የአባቴን የካኪ ሱሪ ለበሰች። ስለረዘማት እግሩን አጣጥፋ፣ ወገቡን በመቀነቷ አጥብቃ አሰረችው። ጭንቅላቷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ቀፎ ተሸክማ ወጣች። እኔ የጭሱን ኩበት ይዤ ተከተልኳት። በመጀመሪያው ዛፍ ላይ ሦስት ጊዜ እየወጣች ወረደች፤ ጉልበቷ ተልጦ ደም ሲወጣ በምራቋ ጠረገችው። ከዚያ ወጣች። ያን ሳምንት ቀፎዎቻችንን ሁሉ በየማለዳው ሰቀለች። የመጨረሻውን የሰቀለችው ከትምህርት ቤቱ መንገድ ዳር፣ በአጎቴ በይርሳው መሬት ላይ ባለው ትልቁ ዋንዛ ላይ ነበር። አባቴ ስንወጣም ስንመለስም የተኛ መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው። ሱሪው እንዳሳፈረው ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ።

ትምህርት ሲከፈት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ክፍል ገብቶ ጠበቀኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው ስንታየሁ መምህሩ ጀርባቸውን እንዳዞሩ «የዝና እናት ሱሪ ታጠቀች አሉ» አለ፤ ዝና የኔ ስም ነው። ጮክ ብሎ ስለነበር ሁሉም ዞሮ አየኝ።

ውሸት አልተናገረም። ስለዚህ ከልቤ አስረዳኋቸው። «አዎ፣ የአባዬን ነው የምትለብሰው። ግን ይረዝማታል፣ ታጥፈዋለች» አልኩ።

ክፍሉ ፈነዳ። ወንበር ላይ የተንከባለለ ነበር። መምህሩ ሳይቀሩ ጠመኔ በያዘ እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ምን እንዳልኩ ስላልገባኝ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ሳቅ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንዲት ትልቅ ልጅ እጄን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ። «ሞኝ፣ ሚስቱ ሱሪ ታጠቀች ማለት እኮ ሰውየው ወንድ አይደለም ማለት ነው» አለችኝ። አዝናልኝ ነበር የነገረችኝ። የቀረውን መንገድ ብቻዬን ሄድኩ። አባቴን እኔው ራሴ በሙሉ ክፍል ፊት አዋርጄው እንደመጣሁ እያሰብኩ፣ እሱ ከተኛበት በር ላይ ስደርስ ሳልገባ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

እናቴን እዚያ አገኘኋት። «እማዬ፣ ሱሪውን ተይው» አልኳት። «ሰው እየሳቀብን ነው።»

«ቀሚስ ለብሼ ዛፍ ብወጣ ይበልጥ አይስቅም?»

«እንግዲያው አትውጪ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ፣ ንቡን ማን ያውርደው? አባትሽ?» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አባቴ ከወዲያ በኩል ነበር። ሁለታችንም አዳመጥን። መደቡ እንኳን አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት በዋንዛው በኩል አልመለስም ነበር፤ በወንዙ ዞሬ እገባለሁ። እናቴ ውኃ ልትቀዳ አብረሽኝ ነይ ስትለኝ እግሬን አመመኝ እላለሁ። አባቴ ዕቃ እንዳቀብለው ሲጠራኝ ዓይኑን ሳላይ አቀብለዋለሁ። 

የዚያን ዓመት መስከረም ዝናቡ አልወጣ አለ። እናቴ ቀፎዎቹን ልታይ ስትወጣ መጫኛው እየረጠበ፣ ምድጃ ላይ እየደረቀ፣ እንደገና እየረጠበ ከረመ። ንቡ ግን ገባ። መስቀል ካለፈ በኋላ ዋንዛው ላይ የተሰቀለው ቀፎ ከሩቅ ይሰማ ጀመር። ጥቅምት ሲያልቅ እናቴ ሌላውን ሁሉ ትታ «የዋንዛው ይሞላል» ትል ነበር። ከሌሎቹ ንብ የገባባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ገብሱ ካለቀ በኋላ የምንኖረው በዚያ ቀፎ ማር እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር።

ኅዳር መግቢያ ላይ አጎቴ ይርሳው መጣ። የአባቴ ታላቅ ነው፤ ድምፁ ከፍ ያለ፣ ሲቆም በሩን የሚሞላ ሰው። ዋንዛውን ለጣውላ ሰንጣቂዎች ሸጦት ነበር።

«ነገ ይመጣሉ» አለ ለእናቴ። «ቀፎሽን አውርጂ። ማለት አስወርጂ። ወንድ ፈልጊ።»

«ወንዱን ከየት አመጣለሁ አያ ይርሳው? ጎረምሳው ሁሉ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ የለም?»

«እንግዲያው ይቅር። የወንድሜን ሚስት ልብስ መንገደኛ ሲቆጥረው አላይም። በጨለማ የሠራሽውን ዝም አልኩ፤ ይኼ ግን መንገድ ዳር ነው።»

«ቀፎው ከዛፉ ጋር ወድቆ ቢሰበርስ?»

«ይሰበር!»

አባቴ መደቡ ላይ ነበር። ሁለቱም አንድ ጊዜ ወደ እሱ ዞሩ። አንድ ቃል እንዲናገር እየጠበቁ እንደሆነ ልጅ ብሆንም ገባኝ። አባቴ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ። አጎቴ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ መጫኛውን ማሸት ጀመረች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ልጁ ሁሉ ወደ ዋንዛው ሮጠ። እኔ ወደ ወንዙ ታጠፍኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ከበስተጀርባዬ ስሜን ሰማሁ። ዞር ስል አባቴ ነው። በሁለት ዱላ ተደግፎ፣ አጭሩን እግሩን እየጎተተ፣ በአቋራጩ ዳገት እየመጣ ነበር። ከቤታችን ደጃፍ ካለፈ ዓመት ሆኖት ነበር። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ትከሻሽን ስጪኝ» አለኝ።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«ወጥታለች?»

«አላየሁም።»

«ፍጠኚ።»

ክንዱን በትከሻዬ ላይ ጣለ። ከባድ ነበር። ከመንገዱ ስንገባ ልጆች ከፊት ከኋላችን መሮጥ ጀመሩ፤ አንዱ የአባቴን አረማመድ እየኮረጀ ከጎናችን ያነክስ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ልጁን አላየውም። የሚያየው ዋንዛውን ብቻ ነበር።

ከዛፉ ሥር ሰንጣቂዎቹ መጋዛቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ንቡ ሳይወርድ ዛፉን አንነካም ብለዋል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ንቡ እስኪሰበሰብ ሲጠበቅ ቆይቶ ጊዜው ደርሷል። እናቴ ሱሪዋን ታጥቃ፣ መጫኛውን በግንዱና በወገቧ ዙሪያ ልታዞር ነበር። አጎቴ ጀርባውን ለሷ ሰጥቶ፣ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ሕዝቡ ለአባቴ መንገድ ለቀቀ።

«ስጪኝ» አላት አባቴ።

እናቴ ደነገጠች። «አንቱ፣ እንዴት መጡ? ማን አመጣዎ?»

«ገመዱን ስጪኝ።»

ሰጠችው። በዱላው ተደግፎ አሸተተው። ግማዱን ሊፈለቅቅ ሞከረ፤ ቅቤው ከላይ አለስልሶታል፣ ውስጡ ግን እንደ ቅርፊት ድርቅ ብሎ አልላቀቅ አለው።  «ይችል እንደሆነ አላወቅኩትም» አለ ለራሱ። «አላወቅኩትም።» ከዚያ ወደ አንድ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ እየጎተተ ሄደና ገመዱን ወረወረበት፤ ጫፉን በብብቱ ሥር አዙሮ ደረቱ ላይ አሰረው።

«ምናለ፣ ምን ልትሆን ነው?» አለ አጎቴ።

አባቴ ዱላዎቹን ጣላቸው። ጉልበቱን አጥፎ ሙሉ ክብደቱን ለገመዱ ሰጠ። አንዴ ተወዛወዘ። ሁለተኛውን ሊወዛወዝ ሲል መጫኛው እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸና ተበጠሰ። አባቴ በተሰበረው ጎኑ መሬት ላይ ወደቀ።

 ከልጆቹ መሀል አንዱ ሳቀ፤ ሳቁም ተዛመተ። እኔ ፊቴን በደብተሬ ሸፈንኩ። በደብተሬ ሥር የማየው የአባቴን እግር ብቻ ነበር፤ ጋቢው ተገልጦ ቀጭኑ፣ የተጣመመው እግሩ በሁሉ ፊት ወጥቶ ነበር።

«ይኼ አይሆንም» አለ አባቴ ከመሬት ላይ።  «ሌላ አምጡልኝ።»

እናቴ ተንበርክካ ልታነሳው ያዘችው። «በቃ፣ ይቅርብን አንቱ፣ ቀፎው ይቅርብን።»

«ሌላ አምጡልኝ አልኩ።»

አጎቴ ሰማያዊውን ገመድ፣ እናቴ ቀፎውን ልታወርድበት ያመጣችውን፣ ከመሬት አነሳ። እኔ ጮኼ «እሱን አይደለም!» አልኩ። አባቴ ዞሮ አየኝ፤ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። «እሱ ለቀፎው ይሆናል ልጄ። ለሰው ነው የማይሆነው።»

ከሰንጣቂዎቹ መካከል ጎልማሳው ተነሳ። ዛፍ ሲወድቅ የሚስቡበትን ወፍራም የቃጫ ገመድ ይዞ መጣና አባቴ ጭን ላይ አደረገው። አባቴ አሸተተው። ውስጡን ፈልቅቆ አየ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ውስጥ አሳለፈው።

«ስንት ክረምት አይቷል?»

«ገና አንድም። የዘንድሮ ነው።»

«አንሱኝ» አለ አባቴ።

«ምናለ፣ አበድክ?» አጎቴ አጠገቡ ተቀመጠ። «እኔ ልሞክረው። ከአንተ እኔ እከብዳለሁ።»

«አይሆንም።»

«ስለምን?»

 አባቴ አጎቴን ሳይሆን እናቴን እያየ ተናገረ። «ያኛውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አልመረጠልኝም። ለራሴ መርጬ የወደቅኩ ሰው ለሌላ ልምረጥ? ለዚህች ልምረጥ? ልጅቱን ልከሽ ስትጠይቂኝ አፌ ተያዘ። ፈራሁ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ በዚህ በበሰበሰ ቆዳ ይህን ሁሉ ጊዜ አትወጪም ነበር።» እጁን በቆዳው ቁራጭ ላይ አደረገ። «አሁንም ከተመረጠ መጀመሪያ እኔን ይሸከም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው በሱሪው አፍሮ አልነበረም። ይህን ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ባንዴ ትረዳዋለች ብዬ አልዋሽም፤ እዚያ ቆሜ የተረዳሁት አባቴ ፈራሁ ማለቱን ብቻ ነው። አባት በሰው ፊት ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንዲያውም ይበልጥ አፈርኩ።

ሁለት ሰንጣቂዎች በብብቱ ያዙት፤ አጎቴ በእግሩ። አዲሱን ገመድ አሰሩለትና አነሱት። «ልቀቁ» አላቸው። ለቀቁት። አባቴ እግሮቹ፣ ረጅሙና አጭሩ፣ ከመሬት ተላቀው፣ እንደተሰጣ ልብስ ተወዛወዘ። ሕመሙ ጥርሱን አስነከሰው። ትንፋሹን ሰብስቦ ሰውነቱን አናወጠ፤ እንደገና አናወጠ። ቅርንጫፉ ሲንቋቋ ገመዱ ዝም አለ። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

«እናኑ» አለ አባቴ። በሰው ፊት ስሟን ጠርቶ አያውቅም። «ይኼ ነው።»

አወረዱት፤ ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠ። እናቴ ገመዱን ከደረቱ ስትፈታ ዓይኗን ቀና አላደረገችም። ወገቧ ላይ ስታስረው አባቴ ቋጠሮውን በእጁ ጎትቶ አየው፤ «ቂጥሽን ወደ ኋላ ጣይ፣ እመኚው» አላት ቀስ ብሎ። ወጣች። ጭሱ እየተከተላት፣ ገመዱን እየወረወረች፣ ጋደል እያለች፣ ከመጀመሪያው ቅርንጫፍ በላይ ስትሆን ሱሪዋ ብቻ ይታይ ነበር። ንቡ ወጥቶ ሲከባት እጇ አንዴ ግንዱን ሳተ፤ ሰውነቷ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ገመዱ ወጥሮ ያዛት። አጎቴ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ይል ነበር። አባቴ ዓይኑን ከገመዱ ላይ አላነሳም። ቀፎው በሰማያዊው ገመድ ታስሮ ቀስ እያለ ሲወርድ ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ተቀብሎ መሬት ያስያዘው አጎቴ ነው፣ በባዶ እጁ።

እናቴ ስትወርድ አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቶ ነበር። አባቴ መነሳት አቃተው፤ ዳሌው እንደገና ተጎድቷል። ሰንጣቂዎቹ ቃሬዛ እንሥራ ሲሉ አጎቴ «የምን ቃሬዛ!» ብሎ ጎንበስ አለና ወንድሙን በጀርባው አዘለው። እናቴ ቀፎውን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ላይ አደረገች። ጎልማሳው ሰንጣቂ ደግሞ የቃጫውን ገመድ ለእኔ ሰጠኝ። «ሌላም ቀፎ አላችሁ አሉ። እዚህ እስካለን ድረስ ይሁናችሁ» አለ።

ወደ ቤት ስንሄድ የትምህርት ቤቱ ልጆች በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር፤ ስንታየሁም አለ። በፊቴ አጎቴ አባቴን አዝሎ፣ እናቴ በሱሪ፣ ያበጠ ፊቷን ይዛ። ራሴን ቀና አድርጌ ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አላደረግኩትም። የማላውቃቸው ሰዎች እንደሆኑ ሁሉ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው የሄድኩት። ገመዱ ከቁመቴ ይበልጣል፤ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ጫፉ አቧራውን እየጠረገ ይከተለኝ ነበር።

አባቴ ከአጎቴ ጀርባ ላይ ዞሮ አየ።

«ዝና!» አለኝ፤ ሁሉም ሰማ። «ገመድ አይጎተትም ልጄ። አሸዋ ይገባበታል፣ አሸዋው ከውስጥ ይበላዋል። ነገም እናትሽን የሚይዛት እሱ ነው። ቁሚና ጠቅልይው።»

ቆምኩ። በዚያ ሁሉ ልጅ መሀል ደብተሬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ገመዱን ከመዳፌ ወደ ክርኔ፣ ከክርኔ ወደ መዳፌ እያዞርኩ፣ አቧራውን በቀሚሴ እየጠረግኩ መጠቅለል ጀመርኩ። ፊቴ ይነዳል፤ ሁለት ጊዜ ተበትኖብኝ እንደገና ጀመርኩት። አጎቴ አባቴን እንዳዘለ ቆመ። እናቴም በትከሻዋ ላይ የሚጮኸውን ቀፎ ይዛ ቆመች። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም ቶሎ በይ አላለኝም። ጫፉን አስሬ እስክጨርስ ድረስ ጠበቁኝ።